የቆዳ ፋቂዎቹ መስኮት

የሊዮንቲን ማርሾ ቁጣ በኦብርሞን ከተማ እንደ ካቴድራሉ ደወል የታወቀ ነበር፤ ከታችኛው ሰፈር ሲነሳ እስከ ላይኛው ገበያ ይሰማል። ሴትዮዋ አጭር፣ ክንደ ደንዳና፣ ጣቶቿም ቆዳ በሚነከርበት የዛፍ ቅርፊት ውኃ ቡናማ ሆነው የቀሩ ናት። ባሏ በወጣትነቷ ስለሞተባት የአባቷን የቆዳ ቤት ይዛ የቀረችው እሷ ነች። ቆዳ ትነክራለች፣ ትፍቃለች፣ ትዘረጋለች፤ በመካከሉም ትቆጣለች። ወንዙ ቢጎድል ትቆጣለች፤ ሥጋ ሻጩ ቆዳውን በቢላ በስቶ ቢያመጣባት ትቆጣለች፤ የተሰጣ ቆዳ ላይ ሲዘንብ ደግሞ ወደ ሰማይ ቀና ብላ «አሁን ነው እንዴ!» ትላለች። የሰፈሩ ሰው ግን አይጠላትም ነበር። የሊዮንቲን ቁጣ የገለባ እሳት ነው፣ ቦግ ብሎ ይጠፋል ይሉ ነበር።

ጦርነቱ ካበቃ ጥቂት ዓመታት አልፈው በአንድ ጸደይ የተነሳው ቁጣዋ ግን ቦግ ብሎ አልጠፋም።

በዚያ ጸደይ የካቴድራሉ መስኮቶች ወደየቦታቸው ይመለሱ ነበር። ጦርነቱ ሊመጣ ሲል ከተማው ሁሉ ወጥቶ ባለቀለሙን መስተዋት ከየቅስቱ አውርዶ፣ በሣጥን አሽጎ፣ ራቅ ካለ መንደር የወይን ጠጅ ማኖሪያ ዋሻ ውስጥ ደብቆት ነበር። አሁን መስተዋት ገጣሚዎቹ መወጣጫ አቁመው የዳቦ ጋጋሪዎቹን መስኮት፣ የጨርቅ ነጋዴዎቹን፣ የወይን ሻጮቹን አንድ በአንድ ሲሰቅሉ ሰዉ አደባባዩ ላይ ቆሞ ያጨበጭባል። በስተሰሜን አንድ ቅስት ብቻ በሳንቃ እንደተደፈነ ቀረ፤ የቆዳ ፋቂዎቹ ቅስት።

አንድ ማለዳ ሊዮንቲን ከድልድዩ ሥር ቆዳ ስታለቀልቅ ጎረቤቷ ኤቫሪስት ከላይ ከተማ ቁልቁል ሲመጣ አየችው። ኤቫሪስት እንደ እሷው ቆዳ ፋቂ ነው፤ አንድ ዓይኑን ኖራ ያጠፋበት፣ በቀረችው ዓይኑ ግን ሁለት ዓይን ያለው የማያየውን የሚያይ ቀልደኛ ሰው ነበር።

«ሰማሽ?» አላት።

«ምኑን? ሚስትህ ጥላህ ሄደች?»

«እሱማ ቢሆን እየዘፈንኩ ነበር የምመጣው። የኛን መስኮት ሊሰቅሉት አይደለም።»

«ማን አለ?»

«መስተዋት ገጣሚዎቹ ናቸው ያሉት። በቦታው አዲስ መስኮት ይገባል አሉ። ስጦታ ነው። ሰጪውን ገምቺ።»

«ኤቫሪስት፣ እጄ ላይ መፋቂያ እንዳለ አትርሳ።»

«መስዩ ካርዶኔ።»

ሊዮንቲን ቆዳውን ለቀቀችው። ኤቫሪስት ወንዙ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ባይዘው ኖሮ ሄዶ ነበር። መስዩ ካርዶኔ በባቡር ጣቢያው አጠገብ የጎማ ጫማ ፋብሪካ ያቆመው ሰውዬ ነው። እሱ ከመጣ ወዲህ ጫማ ሠሪው የቆዳ ሶል መግዛቱን ተወ፤ በወንዙ ዳር ከነበሩት የቆዳ ቤቶች የሚበዙት በራቸውን ዘጉ፤ ልጆቻቸውም ጠዋት ጠዋት ምሳቸውን ይዘው ወደዚያው ፋብሪካ ይሄዳሉ።

«ጎማ!» አለች ሊዮንቲን። «በቅዱስ በርተሎሜዎስ ቦታ ጎማ!»

«ምን ታውቂያለሽ፣ መላእክቱን ቦቲ አጥልቆላቸው ይሆናል» አለ ኤቫሪስት ሱሪውን እየጨመቀ።

ስለዚያ መስኮት በታችኛው ሰፈር የማያውቅ አልነበረም። ካቴድራሉ የተሠራው ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ነው፤ አያት መሠረቱን ጥሎ፣ ልጅ ዓምዱን አቁሞ፣ የልጅ ልጅ ጣራውን ደፍኖ ነው ያለቀው ይባላል። ድንጋዩን በሬዎች ናቸው በኮረብታው ላይ የጎተቱት። ግድግዳው ከውጭ በኩል እንደ ጎድን አጥንት በተዘረጉ ደጋፊ ግንቦች ስለተያዘ የጣራውን ክብደት እነሱ ይሸከማሉ፤ ስለዚህ በዓምድና በዓምድ መካከል ድንጋይ መደርደር አላስፈለገም፤ ሁሉም መስኮት ሆነ። መስኮቱንም የከተማው ባለሙያዎች በየሙያቸው ሰጡ። በላይ በኩል የቅዱሱ ታሪክ ይሳላል፤ በግርጌው ደግሞ ሰጪዎቹ በሥራቸው ላይ እንዳሉ ይታያሉ፤ ጋጋሪው ሊጡን ሲያቦካ፣ ወይን ሻጩ ሲቀዳ።

ቆዳ ፋቂዎችም ሰጡ። የዚያን ዘመን ካህናት መስኮታቸውን ተቀበሉ፤ ቦታ ሲያድሉ ግን ፀሐይ የሚያገኘውን የደቡቡን ወገን ለጨርቅ ነጋዴና ለወይን ሻጭ ሰጥተው ቆዳ ፋቂዎቹን ወደ ሰሜን፣ ፀሐይ ወደማይደርስበት ጥግ ገፏቸው። ሽታቸውን ነፋሱ ይውሰደው ብለው ነው አሉ። ስድቡ ከአባት ለልጅ ሲወርድ ኖሮ ኋላ ኩራት ሆነ። «ጠዋትና ማታ የሚያምረው የነሱ ነው፣» ይል ነበር የሊዮንቲን አባት ቴዎዱል፣ «የኛ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ነው። ፀሐይ አያሞካሸውም፤ ራሱን ችሎ የቆመ ሰማያዊ ነው።» በመስኮቱ ላይ ከቆዳ ፋቂዎቹ ጠባቂ ከቅዱስ በርተሎሜዎስ እግር ሥር ሦስት ቆዳ ፋቂዎች በግንድ ላይ ጎንበስ ብለው ይፍቃሉ። የመካከለኛው አፍንጫው ረዘም ያለ ስለነበር የማርሾ ቤት ሰዎች ሁሉ አያታችን ነው ይላሉ፤ የሌሎቹም ቤቶች እንዲሁ ይላሉ።

ቴዎዱል በዚያን ጊዜ እግሩ አልታዘዝ ብሎት በቤቱ መስኮት አጠገብ ከተቀመጠ ቆይቷል። ከዚያ ሆኖ በኮረብታው ላይ ካቴድራሉን ያያል። ሊዮንቲን ለምሳ ስትገባ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው።

«የኛስ ወጣ?»

«ገና ነው አባዬ።»

«ምን ይጠብቃሉ? ከሁሉም ደህና ሆኖ የሚገኘው የኛ ነው። በገለባ የጠቀለሉት እነሱ፣ የተሰበረባቸውን ይልቀሙ!»

ይህ የቴዎዱል ትልቁ ኩራት ነበር። መስኮቶቹ ሲወርዱ ሌላው ሁሉ መስተዋቱን በገለባና በመጋዝ ብናኝ ሲያሽግ፣ እሱ ከየቆዳ ቤቱ ምርጥ ምርጡን የጥጃ ቆዳ ሰብስቦ፣ እያንዳንዷን ቁራጭ እንደ ሕፃን በለስላሳ ቆዳ ጠቀለላት። መስተዋት ገጣሚው «እንደ ሌላው በገለባ አርጉት» ቢለው፣ «ገለባ ለእንቁላል ነው!» ብሎ ጮኸበት። ታችኛው ሰፈር አጨበጨበ። ሊዮንቲንም ሣጥኑን ከአባቷ ጋር በአንድ ወገን ይዛ ወደ ጋሪው ስትጭን ደረቷ ተነፍቶ ነበር።

እንግዲህ ያን ዕለት ቆዳውን ለኤቫሪስት ጥላለት፣ ሽርጧን ሳትፈታ ኮረብታውን ወጣች። የካቴድራሉን እድሳት የሚመሩት አባ አንሴልም የንዋየ ቅድሳቱ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሰው ማስቀየም የማይወዱ አባት ናቸው። ሊዮንቲንን በዚያ ሽርጥ ሲያዩ ብድግ አሉ።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም፤ ወንበርዎ ይሸታል ኋላ። የኛ መስኮት የት አለ?»

«በምድር ቤት፣ በደህና ቦታ።»

«ደህና ቦታውስ እዚያ ላይ ነው፤ ሳንቃ የተመታበት። ለምን አልወጣም?»

«የካቴድራሉ ጉባኤ… ጊዜው ተለውጧል፣ ሊዮንቲን። መስዩ ካርዶኔ መልካም ሰው ናቸው። የናንተንም አንረሳም። ከደቡቡ በር አጠገብ የናስ ጽሑፍ እናኖራለን፤ በፀሐይ በኩል!»

«ፀሐይ ማን ጠየቀዎት? ሰባት መቶ ዓመት በብርዱ በኩል ስንቆም አልተነፈስንም። የተሰጠን እሱ ነው፤ እሱን ይመልሱልን! እንጀራችንን ጎማው ወሰደ፤ ቅስቲቱንም ይጨምሩለት?»

«ረጋ በይ።»

«የተረጋሁት በቃኝ! ሣጥኑን ይክፈቱልኝ።»

አባ አንሴልም ዓይናቸውን ከዓይኗ ሸሹ። «ሣጥኑን ባታዪው ይሻላል» አሉ።

ይህን ባይሉ ይሻላቸው ነበር። ሊዮንቲን በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆመች። የቅዳሴ ልብስ ሊወስድ የመጣ ዲያቆን አሻግሮ አየና ተመለሰ። በመጨረሻ አባ አንሴልም ቁልፋቸውን አነሱና መብራት ይዘው ቀደሟት።

ምድር ቤቱ ከካቴድራሉም የቀደመ ነው፤ አጫጭር ዓምዶች፣ ዝቅ ያለ ጣራ። ሣጥኑ ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ክዳኑ ሲነሳ ሽታው ወጣ፤ ሊዮንቲን በደንብ የምታውቀው፣ እርጥበት የበላው ቆዳ ሽታ። አንዷን ጥቅል አነሳች። ቆዳው ጠቁሮ፣ ሻግቶ፣ በእጇ ላይ ተፈረፈረ። ከውስጡ መስተዋቱን የሚያያይዘው የእርሳስ ብረት እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ ረገፈ። መስተዋቱ ራሱ አልተሰበረም፤ ሰማያዊው ሰማያዊ ነው፣ ቀዩም ቀይ። ነገር ግን በላዩ ላይ በጥቁር ቀለም ተስሎ የነበረው ሁሉ ጠፍቷል። ሦስቱ ቆዳ ፋቂዎች ጎንበስ እንዳሉ ናቸው፤ ትከሻ አላቸው፣ ክንድ አላቸው፤ ዓይን የለም፣ አፍ የለም፣ ያ ረዥሙ አፍንጫም የለም።

«ዋሻው እርጥብ ነበር» አሉ አባ አንሴልም በቀስታ። «ቆዳው ውኃውን ጠጥቶ ያዘ፤ በውስጡ ያለው መራራ ነገር እርሳሱንም ቀለሙንም በላው። በገለባ የታሸጉት ደህና ወጡ። አዋቂዎቹ አሳዩኝ። ለጉባኤው እንኳን ጊዜው አልፎበታል ብቻ ነው ያልኩት።»

«ለምን?»

«አባትሽ ሽማግሌ ነው። ይህን ሰምቶ ከሚሞት… እናንተም በከተማው ፊት ከምታፍሩ… አዝኜላችሁ ነው ልጄ።»

ሊዮንቲን መስተዋቱን ወደ ሣጥኑ መለሰችው። ከዚያ በፊት ተቆጥታ የማታውቅ እስኪመስላት ድረስ ተቆጣች።

«ማን እዘኑልን አለዎት?» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ስላለ ከጩኸቷ ይልቅ አስፈራ። «ሲንቁን መልስ ነበረን። ለሐዘኔታ ምን ይመለሳል? እኛን አድናለሁ ብለው ከቦታችን አወጡን!»

ወደ ታችኛው ሰፈር ስትወርድ ግን ቁጣዋ መንገድ ላይ አቅጣጫ ለወጠባት። «ገለባ ለእንቁላል ነው!» የሚለው የአባቷ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ስንት ዓመት ሙሉ በየማዕዱ ያንን ጉራ አዳምጣለች! ከየቤቱ ምርጡን ቆዳ ለምኖ ሰብስቦ በገዛ እጁ አበላሸው፤ የሚያውቀውን ሰው አፉን ዘግቶ! እሷስ? ሣጥኑን በአንድ ወገን ያነሳችው እሷ አይደለችም? ቤት ስትደርስ በሩን በእርግጫ ነው የከፈተችው።

«የኛስ ወጣ?» አለ ቴዎዱል።

ልትደብቀው አስባ ነበር። አባ አንሴልም እንዳደረጉት ማድረግ ግን አንገሸገሻት።

«አልወጣም። አይወጣምም። አበላሽተኸዋል» አለችና ያየችውን ሁሉ ነገረችው። እርሳሱን ነገረችው፣ ቀለሙን ነገረችው፣ አፍንጫውንም አልማረችውም።

ሽማግሌው ፊቱን በኮረብታው ላይ ወዳለው ካቴድራል አዞረ። ሊዮንቲን ፈራችና ውኃ ልታመጣለት ተነሳች።

«ተቀመጪ» አላት። «ካህኑ ደበቁት ነው የምትዪኝ?»

«አዎ። አዝነውልህ።»

የቴዎዱል ፊት ቀላ። «የኔን የተበላሸ ሥራ እኔን ሳይጠይቁ ይደብቃሉ? እኔ በዚህ ሰፈር ምን ሆኜ ነው የኖርኩት?»

በኦብርሞን ቆዳ ፋቂዎች ዘንድ አንድ ሕግ ነበር። ቆዳ ያበላሸ ሰው ቆዳውን ወንዝ አይጥለውም፣ አይቀብረውም፤ በራሱ በር ላይ ይቸነክረዋል። የሚያልፍ ይስቃል፣ የሚማርም ይማራል፤ የቅዱስ በርተሎሜዎስ በዓል ሲደርስ ይወርዳል። ሊዮንቲን ልጅ ሳለች የመጀመሪያ ቆዳዋን ኖራ ውስጥ ረስታው ሲበሳሳ፣ ሚስማሩንና መዶሻውን ያቀበላት ራሱ ቴዎዱል ነበር። እያለቀሰች ቸነከረችው። «እኔም ስንቴ ቸንክሬአለሁ» ነበር ያላት፤ «የሚያሳፍረው በር ላይ ያለው አይደለም፤ ጓዳ ውስጥ ያለው ነው።»

«ጋሪውን አውጪ» አለ አሁን።

ሊዮንቲንና ኤቫሪስት ሽማግሌውን በቆዳ መጫኛው ጋሪ ላይ አስቀምጠው ኮረብታውን ይገፉ ጀመር። ወሬው ቀድሟቸው ስለነበር ቆዳ ፋቂዎቹ ከየደጃፋቸው እየወጡ ተከተሏቸው። አንዲት ሴት፣ «የኔም ሁለት ቆዳ አለበት! ምርጡን ነበር የሰጠሁህ፣ ቴዎዱል!» ብላ ጮኸች።

«አውቃለሁ!» አለ ቴዎዱል። «ከሁሉም ብዙ የበላው ያንቺ ነው፤ ጥሩ አድርገሽ ነው የነከርሽው!»

እየተሳደቡ፣ እየሳቁ በሰሜኑ በር ገቡ። እንዳጋጣሚ መስዩ ካርዶኔ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከአባ አንሴልምና ከመስተዋት ገጣሚው ጋር በሳንቃው ቅስት ሥር ቆመው ወደ ላይ ያያሉ። ጋሪው በድንጋዩ ወለል ላይ ሲንኳኳ ዞሩ።

«አባ፣» አለ ቴዎዱል፣ «ያበላሸሁትን ሥራ ልወስድ መጣሁ።»

«ምን ማለትህ ነው ልጄ?» አሉ አባ አንሴልም፣ ሽማግሌው በዕድሜ ቢበልጣቸውም።

«የተበላሸ ሥራ የአበላሺው ነው። በሬ ላይ እቸነክረዋለሁ። ሕጋችን ነው።»

«የካቴድራሉ ንብረት እኮ ነው!»

«እንግዲያው ካቴድራሉ በር ላይ ይሁን። ከሁለት አንዱን ይምረጡ። ምድር ቤት ግን አይቀመጥም! እኔ ቴዎዱል ማርሾ አበላሸሁት፤ ሰው ሁሉ ይየው።»

መስዩ ካርዶኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወዳጄ፣ ፊት የሌለው ሥዕል ለማን ይጠቅማል? የእኔ መስኮት አዲስ ነው፤ ብርሃን ያስገባል።»

ሊዮንቲን እስከዚያ ድረስ አፏን ይዛ ነበር። «የርስዎ ጫማም ውኃ አያስገባም ተብሎ ነበር» አለች። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ፊት የሌለው ይላሉ! ፊታችንን ማን አይቶት ያውቃል? በሰባት መቶ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ቀና ብሎ ይህ ማነው ብሎ ጠይቋል? በሽታችን ነው የሚያውቁን። ትከሻችን አለ አይደለም? የምንሠራበት ክንዳችን አለ። እሱን ስቀሉ!»

«እኔ አዲስ ፊት ልስልላችሁ እችላለሁ» አለ ገጣሚው፣ ነገሩን ሊያበርድ ብሎ።

«አይነካም!» አሉ አባትና ልጅ በአንድ አፍ።

አባ አንሴልም ወደ ሳንቃው ተመለከቱ፤ ቀጥሎ ጋሪው ላይ ወዳለው ሽማግሌ። ቀይ ሆነው ነበር፤ እፍረት ይሁን ንዴት አልታወቀም። «መስዩ ካርዶኔ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ስጦታዎን እግዜር ይቀበልዎ። ቦታው ግን ባለቤት አለው። ለጉባኤው ያልነገርኩት ነገር ነበረ፤ ዛሬ እነግራቸዋለሁ።»

መስዩ ካርዶኔ ባርኔጣቸውን እዚያው ውስጥ ደፍተው ወጡ። ያ መስኮታቸው ኋላ በፋብሪካው ደረጃ ላይ ተገጠመ፤ ሠራተኛው ሲገባና ሲወጣ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ያልፋል።

የቆዳ ፋቂዎቹ መስኮት በአዲስ እርሳስ ተያይዞ ከበርተሎሜዎስ በዓል በፊት ወጣ። ሳንቃው የወረደ ዕለት ሊዮንቲን አባቷን በጋሪው ይዛው መጣች። ሰማያዊው እንደ ድሮው ነበር፤ ጸጥ ያለ፣ ፀሐይ የማይነካው። ከግርጌው ሦስቱ ሰዎች ያለ ፊት ጎንበስ ብለው ይሠራሉ። ከላይ ከተማ የመጡ ሁለት ወይዛዝርት አይተው ተንሾካሾኩ፤ አንዷም ሳቀች። ቴዎዱል ሰማት። ዓይኑን ግን ከመስኮቱ አላነሳም፤ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እንደተሰደበ ሰው ሳይሆን እንደተመሰከረበት ሰው፣ ለረዥም ጊዜ አየው።

«ገለባ ይሻል ነበር» አለ።

«አሁን ገባህ?» አለች ሊዮንቲን። «አሁን! ሰውዬው ሲነግርህ አይሻልም ነበር? ያን ሁሉ ዓመት ጉራህን ስታስቆጥረኝ!»

«አንቺስ ሣጥኑን ይዘሽልኝ አልነበር?»

«ይዣለሁ! እሱም ነው የሚያናድደኝ!»

ጋሪውን አዞረችና በሰሜኑ በር አወጣችው። ቁልቁለቱን ስትወርድ ንዴቷ እግሯ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ጋሪው በድንጋይ ንጣፉ ላይ እየዘለለ፣ ዶሮዎች ከፊቱ እየተበተኑ፣ ሽማግሌው ሁለቱን ጠርዝ ጨብጦ «ቀስ በይ! አንቺ ሴትዮ፣ ቀስ በይ!» እያለ ይጮህ ነበር። እሷ ቀስ አላለችም።